ሌሊት የሚጠራን ዳቦ

እህቶቼ፣ ስለ ምግብ አምሮት ተናገሪ ስትሉኝ አፍሬ ነበር፤ ወሬው የራሴ ነውና። የተማርኩት እስከ አሥረኛ ክፍል ነው፣ ሐኪም አይደለሁም። የደረሰብኝንና አንብቤ የገባኝን ነው የምነግራችሁ።

ጂዛን ስመጣ 52 ኪሎ ነበርኩ፣ በሦስት ዓመት 74 ገባሁ። ሳምጣ በሠራሁበት ቤት ቀን ቀን እምብዛም አልበላም፤ ጊዜው የት አለና? ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ዕቃ አጥቤ ስጨርስ ግን ሳሙሊ ዳቦ በስኳር ሻይ፣ የተረፈ ሩዝ፣ ልጆቹ የተዉትን መርሳ፣ ያ ሙዝና ዳቦ በማርና በቅቤ የሚታሸውን፣ ቆሜ እበላለሁ። ማዳም "ሆዳም" አለችኝ። እናቴ ፎቶዬን አይታ "እሰይ፣ ተመችቶሻል" አለች። እኔም በራሴ ላይ ፈረድኩ።

ኋላ የገባኝ ይሄ ነው። ረሃብን የሚያዘው ጭንቅላታችን ነው። ግሬሊን የሚባል መልእክተኛ ከጨጓራ ወጥቶ ለጭንቅላት "ብዪ" ይላል። ሌፕቲን ደግሞ ከሰውነታችን ስብ ወጥቶ "በቃሽ" ይላል። እንደ ፈረንጆቹ በ2004 የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ያወጡት ጥናት አለ። 12 ጤነኛ ወጣት ወንዶችን ሁለት ሌሊት አራት አራት ሰዓት ብቻ አስተኟቸው። አሥር ሰዓት ከተኙበት ጊዜ ጋር ሲተያይ፣ "በቃህ" ባዩ 18 በመቶ ቀነሰ፣ "ብላ" ባዩ 28 በመቶ ጨመረ። ይበልጥ ያማራቸውም ጣፋጭና ዳቦ ነክ ነገር ነው። ያውም በሁለት ሌሊት! ረመዳንን ሙሉ የማንተኛው እኛስ?

ሌላም አለ። ሪቻርድና ጁዲት ዎርትማን የተባሉ አሜሪካዊ ባልና ሚስት፣ ዳቦና ስኳር ስንበላ ስሜት የሚያረጋጋው ሴሮቶኒን ጭንቅላት ውስጥ ይጨምራል፣ አንዳንድ ሰው ሲከፋው ጣፋጭ የሚፈልገው ለዚህ ነው ብለዋል። ሁሉም ተመራማሪ አልተስማማም። እኔ ግን እናቴ መታመሟን የሰማሁ ሌሊት ስንት ዳቦ እንደበላሁ አውቃለሁ።

በላስቲክ እየተጠቀለለ የሚሸጥላችሁን የማቅጠኛ ኪኒን ግን እባካችሁ አትዋጡ። በሴሮቶኒን በኩል አምሮትን የሚዘጋ ዴክስፌንፍሉራሚን የተባለ መድኃኒት አሜሪካ ውስጥ በ1996 ተፈቅዶ በ1997 ከገበያ ወጣ፤ የልብ ቫልቭ ጎዳ። በሐኪም የታዘዘው እንዲህ ካደረገ፣ ስሙ የማይታወቀውስ?

እኔ ምን አደረግሁ? ጠዋት ሥራ ሳልጀምር ፉል ወይም እንቁላል እበላለሁ። የሻይ ስኳሬን ከአራት ማንኪያ ወደ አንድ አወረድኩ። ማዳምን "የማታውን ዕቃ ጠዋት ልጠበው" ብዬ ለመንኳት። ሁለቴ እምቢ አለች፣ በሦስተኛው እሺ አለች። እንቅልፍ ሳገኝ የሌሊቱ አምሮት ቀዘቀዘ። ዛሬ 68 ነኝ።

እሺ የማትል ማዳም ያለቻችሁ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ሳዑዲ በ2013 ያወጣችው የቤት ሠራተኞች ደንብ እንኳ በቀን ቢያንስ ዘጠኝ ሰዓት ዕረፍት ይል ነበር። ስለዚህ እንቅልፍ ስንጠይቅ ቅንጦት አልጠየቅንም። ብቻችሁን መጠየቅ የከበዳችሁ ለማኅበራችን ንገሩ፣ አብረን እንመክራለን። ክሊኒክ የመሄድ ዕድል ያገኘችም ስኳሯን ትለካ።