ውኃና የጋለ ዘይት



ዛሬ የምንነጋገረው ዐሣ በዘይት ስንጠብስ ስለሚደርሰው አደጋ ነው። እኛ ፎገራዎች ከዐሣ ሩቅ አይደለንም። ጣና ከጎናችን ነው። ርብና ጉማራ ሜዳችንን አቋርጠው ወደ ጣና ይገባሉ። ቀረሶውም፣ አምባዛውም፣ ነጩ ዐሣም ከቤታችን ይደርሳል። አጠባበሱንማ እናውቃለን። ዘይቱ ሲነድድ ምን እንደምናደርግ ግን ስንቶቻችን እናውቃለን?

አንድ ማታ ከጎረቤት ጩኸት ሰማን። ሮጠን ስንደርስ ድስቱ ይነድዳል። «ውኃ! ውኃ!» አልን። አንዱ እንስራውን አንሥቶ ገለበጠበት። እሳቱ መጥፋቱ ቀርቶ ወደ ጣራው ተወረወረ። የቤቱ እመቤት ክንዳቸው ተቃጠለ። ክፉ አላሰብንም፤ አላወቅንም እንጂ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ውኃ ከዘይት ይከብዳል፤ ስለዚህ ከዘይቱ ሥር ይሰምጣል። ውኃ 100 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ይፈላል። የመጥበሻ ዘይት ግን እስከ 180 ዲግሪ ይግላል፤ ሲነድድማ ከዚያም ያልፋል። ታዲያ ውኃው ከሥር ባንዴ እንፋሎት ይሆናል። አንድ ጣሳ ውኃ እንፋሎት ሲሆን ከ1,600 ጣሳ የሚበልጥ ቦታ ይፈልጋል። መውጫ ሲያጣ የሚነድደውን ዘይት ይዞ ይፈነዳል።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

አንደኛ፣ ዐሣውን ካጠብን በኋላ በንጹሕ ጨርቅ እናድርቀው። እርጥብ ዐሣ ዘይት ያስፈነጥቃል።

ሁለተኛ፣ ዘይቱ ከድስቱ ግማሽ አይለፍ። ጉልቻው ድስቱን አጥብቆ ይያዝ። ሕፃናት ከምድጃው ይራቁ። ነጠላችንን እናስቀምጥ።

ሦስተኛ፣ ዘይቱ መጨስ ከጀመረ ለመንደድ ተቃርቧል። እንጨቱን ቶሎ ከሥሩ እናውጣ።

አራተኛ፣ ከነደደ ውኃ አንድፋ፤ ድስቱንም አናንሣ። የብረት ክዳን ወይም ትሪ ከጎን አንሸራትተን እንክደነው። አየር ያጣ እሳት ይጠፋል። እስኪበርድ ድረስ አንክፈተው። ሰፌድ ግን ይነድዳልና ለክዳን አይሆንም። እሳቱ ከድስቱ አልፎ ቤቱን ከያዘ ሁላችንም እንውጣ። ቤት ይሠራል፤ ሰው አይተካም።

ያን ማታ ሌላም ስሕተት ሠራን። በተቃጠለው ክንድ ላይ ቅቤ ቀባን። ቅቤ ሙቀቱን አፍኖ ይይዛል፤ ጭቃና እበት ደግሞ ቁስሉን ያመረቅዛል። ለተቃጠለ ገላ የሚበጀው ንጹሕ ቀዝቃዛ ውኃ ነው። ለ20 ደቂቃ ያህል እናፍስስበት። ቀለበትና አምባር ሳያብጥ እናውልቅ። ውኃ የቋጠረውን አናፍርጠው። በንጹሕ ጨርቅ ሸፍነን ወደ ጤና ጣቢያ እንውሰድ። ሕፃን ከሆነ፣ ወይም ፊት ከተነካ፣ አንድ ቀንም አንቆይ።

አያችሁ? ለተቃጠለ ሰው ውኃ፣ ለሚነድድ ዘይት ክዳን! ይህን ብንለዋውጠው ነው የምንጎዳው።

ያነበብን ላላነበቡት እንንገር። ዛሬ ማታ ምድጃ ዳር ስንቀመጥ አንድ ነገር እንጠያየቅ፦ የድስታችን ክዳን የት ነው ያለው?