የገዢው ጥያቄ መንገድ ላይ አይቅር
(በዩኒየኑ የምሥረታ በዓል ላይ የቀረበ ንግግር)



የአብነት ነጋዴ ጤፍ ፈልጎ ሲደውልልን ጥያቄው በብጣሽ ወረቀት ይጻፋል፤ ወረቀቱ ሲጠፋ ገዢውም ይጠፋል። በድረ ገጻችን የምናዘጋጀው የጥያቄ መቀበያ ቅጽ ይህን ጉድለት ይሞላል።

ቅጹ እንደ ምርቱ ይለያይ፦ ለጤፍ ዓይነቱና ኩንታሉ፣ ለውጭ የሰሊጥ ገዢ መዳረሻ ወደቡም ይጠየቅ። ግዴታ የሚሞሉት ስም፣ ስልክና የምርት ዓይነት ብቻ ይሁኑ፤ ጥያቄው ሲበዛ ገዢው ይሰለቻል። በ09 የሚጀምር ስልክ ብቻ የሚቀበል ቅጽ አንሥራ፤ ከ2014 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ በ07 የሚጀምሩ የሳፋሪኮም ቁጥሮች አሉ፤ የውጭ ገዢም አለ። የገዢን መረጃ በጥንቃቄ መያዝም በአዋጅ ቁጥር 1321/2016 የተጣለብን ግዴታ ነው።

ቅጽ ብቻውን ግን አይሸጥም። በዕለቱ መልሶ የሚደውል ሠራተኛ ካልተመደበ የገበሬው ምርት መጋዘን ውስጥ ይከርማል።