ሸክላው፣ ካሴቱና የባለቤቱ ስም
(በሐሙሲት በተካሄደው የማኅበራችን ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር)




ከትልልቅ አሳታሚዎች ተለይተው ሥራቸውን በራሳቸው ስለሚያወጡ ከያንያን እንድናገር በታዘዝሁ ጊዜ፣ ነገሬን ከአዲስ አበባ ልጀምር አስቤ ነበር። ነገር ግን የተሰበሰብነው በስሟ ሐሙስን በያዘች የገበያ ከተማ ነው፤ ብዙዎቻችንም የመጣነው በባሕር ዳር በኩል ነው። ባሕር ዳር ደግሞ ለጉዳያችን የሚሆን አንድ ታሪክ አላትና ከዚያው እነሣለሁ።

ከዋልያስ ባንድ ጋር ወደ አሜሪካ ተሻግሮ እዚያው የቀረው ኃይሉ መርጊያ፣ እ.ኤ.አ. በ1985 አኮርዲዮኑንና ኪቦርዱን ብቻውን እየደራረበ፣ ምቱን ለማሽን ሰጥቶ፣ በዋሽንግተን አንድ ካሴት ቀረጸ። ካሴቱ ዘመኑን ኖረና ተረሳ፤ ኃይሉም ታክሲ እየነዳ ኑሮውን ይገፋ ጀመር። ከብዙ ዓመታት በኋላ ብራያን ሺምኮቪትዝ የተባለ አሜሪካዊ ካሴት ሰብሳቢ ያንኑ ካሴት ባሕር ዳር ላይ አገኘው። ባለቤቱን አፈላልጎ በስልክ አነጋገረውና፣ እ.ኤ.አ. በ2013 በራሱ አነስተኛ ድርጅት ስም እንደገና አሳተመው። ከዚያ ወዲህ ኃይሉ ወደ መድረክ ተመለሰ፤ በ2018 «ላላ በሉ»፣ በ2020 «የኔ ምርጫ» የተባሉ አዳዲስ አልበሞችን አወጣ።

ይህን ብዙዎች የዕድል ነገር አድርገው ያወሩታል። እኔ ግን ዓይኔ የሚያርፈው በካሴቱ ልባስ ላይ በታተመው ስም ነው። ስሙ ባይኖር ኖሮ ሰውየው ማንን ብሎ ይጠይቅ ነበር?

በግል ማሳተም በአገራችን በቀላሉ የተገኘ መብት አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1948 የወጣው ድንጋጌ ሸክላ የማስመጣትና የማሳተም መብትን ለአገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ሰጥቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1969 አምሃ እሸቴ፣ ገና ወጣት ሳለ፣ ያን አጥር ዘልሎ የዓለማየሁ እሸቴን ሸክላ አወጣ። እስከ 1975 ድረስ 103 ትንንሽ ሸክላዎችንና 12 ያህል ትልልቆችን አሳተመ፤ ዓለም ዛሬ ከሚያደንቃቸው ሥራዎቻችን ብዙዎቹ ከእነዚህ መካከል ናቸው። አምሃ በ2021 ዐርፏል። የደፋር ነጋዴ ሥራ ነበር ቢባል ስሕተት አይደለም፤ ነገር ግን ንግዱ በእያንዳንዱ ሸክላ ላይ የዘፋኙን ስም ትቶልናል።

ወደዚህ ሜዳ ስመለስ ራሴን ከመውቀስ አልድንም። ከዓመታት በፊት፣ የሩዝ አጨዳ ሰሞን፣ ወረታ ላይ አንድ መሰንቆ ተጫዋች ቀርጬ ነበር። አዛውንት ናቸው፤ በትዝታ ጀምረው ወደ ባቲ የሚሻገሩበት መንገድ እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም። «አባቴ፣ ስምዎን ማን ልበል?» ብዬ ብጠይቃቸው፣ «አዝማሪ ስም ምን ይሠራለታል ጌታዬ፤ የሠርግ ቤቱ ሁሉ ያውቀኛል» አሉኝ። እኔም ነገሩ ጨዋታ መስሎኝ ሳቅሁና ተውሁት። በክሩ ላይ የጻፍሁት «የፎገራ ባሕላዊ ዘፈን» የሚል ብቻ ነበር።

በኋላ ያው ድምፅ ከእጅ ወደ እጅ፣ ከሚሞሪ ወደ ሚሞሪ ሲገለበጥ ኖሮ፣ ከወረታ ወደ ደብረ ታቦር በሚሄድ አውቶቡስ ውስጥ ሰማሁት። ሾፌሩን የማን እንደ ሆነ ብጠይቀው፣ «የድሮ ነው፣ ባለቤት የለውም» አለኝ። ባለቤት ያሳጣሁት እኔ ነኝ። ብፈልጋቸውም አላገኘኋቸውም።

ስለ ሕግ የሚነሣ ጥያቄ እንዳለ አውቃለሁ። አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለደራሲው፣ ለከዋኙና ለድምፅ ሪከርዲንግ ፕሮዲውሰሩ ጥበቃ ይሰጣል። ኤልያስ መልካና ባልደረቦቹ በ2011 ዓ.ም. ሥራ ያስጀመሩት አውታርም አድማጩ ዘፈኑን በስልኩ ገዝቶ ገንዘቡ ለከያኒው እንዲደርስ የታሰበ ነበር። ይሁን እንጂ ሕጉም ሆነ ስልኩ ስሙ ያልተመዘገበን ሰው ከየት አምጥተው ይከፍሉታል?

ስለዚህ ለዚህ ጉባኤ የማቀርበው ሐሳብ አጭር ነው። አባሎቻችን ከእንግዲህ በየገበያውና በየሠርግ ቤቱ በሚቀርጹት ሥራ ላይ ሁሉ የተጫዋቹ ስም፣ ቀዬውና ቀኑ ይስፈር፤ ያልሰፈረበትም በማኅበራችን ስም አይውጣ። ከምሳ በኋላ መቅረጫችንን ይዘን ወደ ገበያው የምንወርደው ሦስት ሰዎች ነን። ደብተሩን የምይዘው እኔ ነኝ።