የፈላ ውሃ ሁሉ ደኅና ነውን?
ለስምጥ ሸለቆ እናቶችና ቤተሰቦች የተሰጠ ንግግር



በወንጂ፣ በመቂና በዝዋይ አካባቢ ሲስቅ ጥርሱ ቡናማ ሆኖ የሚታይ ልጅ ብዙ ነው። ሰውም «እናቱ አፉን አታጥብለትም» ብሎ ያማል። ሐሰት ነው። ጥርሱን ያበላሸው የሚጠጣው ውሃ ነው። የተበላሸውም ገና ድድ ውስጥ ሳለ ስለሆነ በከሰልም በመፋቂያም ቢፈተግ አይለቅም።

ምክንያቱ ፍሎራይድ ይባላል። የስምጥ ሸለቆ ምድር የእሳተ ገሞራ ምድር ነው፤ ውሃው በዐለቱ መካከል ሲያልፍ ፍሎራይዱን እያሟሟ ይወጣል። ጥልቅና ሙቅ ውሃ ብዙ ጊዜ ይብስበታል። ጥቂቱ ለጥርስ ይጠቅማል፤ የዓለም የጤና ድርጅት የወሰነው ልክ በአንድ ሊትር 1.5 ሚሊግራም ነው። በስምጥ ሸለቆ ግን ከ10 የሚበልጥባቸው ጉድጓዶች ተገኝተዋል። የወንጂ ስኳር ፋብሪካ በ1946 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ በኋላ፣ የጉድጓዱን ውሃ ለብዙ ዓመት ከጠጡት ሠራተኞች መካከል ወገባቸውና አንገታቸው አልታጠፍ ያለ ሰዎች ታይተዋል። ነገሩ አጥንትም ይነካል ማለት ነው።

እንግዲህ ልብ በሉ። ውሃ አፍሉ ሲባል ሰምታችኋል፤ ትክክል ነው፤ የተቅማጥ ተሕዋስያን በማፍላት ይሞታሉ። ፍሎራይድ ግን አይጠፋም። እንዲያውም ውሃው ተንኖ ሲቀንስ በቀረው ውስጥ ይበረታል። ውሃ አጋር ቢጨመርበትም ያው ነው። ቀለምና ሽታ ስለሌለው በዓይን አይለይም። ኩልል ካለው የጉድጓድ ውሃ ይልቅ የደፈረሰው አዋሽ በፍሎራይድ በኩል የሚሻልበት ጊዜ አለ፤ ቢሆንም ሳይጣራና ሳይታከም አይጠጣም!

ስለዚህ የወረዳውን የውሃ ጽሕፈት ቤት «የዚህ ጉድጓድ ፍሎራይድ ስንት ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። መጠየቅ ነውር አይደለም። ከልክ በላይ ከሆነ ልብስና ገላ ይታጠብበት፤ በቆዳ በኩል አይጎዳም። ለመጠጥና ለምግብ ግን ሌላ ዕቃ ለዩ። ወጡም ሽሮውም ውሃ ነው እኮ! ሻይ ቅጠል ራሱ ፍሎራይድ ስላለበት ለሕፃን ሻይ አይሰጥ።

ሕፃኑ ስድስት ወር እስኪሞላው ጡት ብቻ ይጥባ። እናቲቱ የምትጠጣው ውሃ ፍሎራይድ ቢበዛበት እንኳ ወደ ጡቷ የሚያልፈው እጅግ ጥቂት ነው። ከዚያ በኋላ እስከ 8 ዓመት ድረስ ጥርሱ ውስጥ ለውስጥ ስለሚሠራ፣ ደኅና ውሃ ካነሰ ቅድሚያው ለትንንሾቹ ይሁን።

የዝናብ ውሃ ፍሎራይድ የለበትም ቢባል ይቻላል። የቆርቆሮ ጣሪያ ያለው ሰው አሸንዳ ይግጠምና፣ የመጀመሪያው ዝናብ ጣሪያውን ካጠበ በኋላ ያለውን ወደ ንጹሕ በርሜል ያስገባ። በርሜሉ ይከደን፤ መቅጃው ቧንቧ ቢሆን ይመረጣል፤ ጣሳ የያዘ እጅ አይግባበት። ይህ ውሃ ግን መፍላት አለበት፤ ከጣሪያ የወፍ ኩስ ይወርዳልና። 200 ሊትር የሚይዝ በርሜል ለአንድ ልጅ መጠጥና ምግብ በቀን 2 ሊትር ቢቀዳለት 100 ቀን ያቆያል፤ ለሁለት ልጆች 50 ቀን። ከመስከረም እስከ በልግ ያለው ጊዜ ከዚህ ይረዝማል፤ በልጉም የሚቀርበት ዓመት አለ። አቅም ያለው ሁለተኛ በርሜል ይጨምር፤ የሌለው ደግሞ በርሜሉን ለልጆቹ ብቻ ይለይ። እንግዳ ቢመጣም ከእሱ አይቀዳ።