ካሜራው እንደ ምስክር፦ በአነስተኛ በጀት አስተማማኝ የቤት ጥበቃ ካሜራ ስለ መምረጥ

(በፋኩልቲው ሕዝባዊ የንግግር መድረክ የቀረበ)



የዚህ መድረክ አዘጋጆች ሲጋብዙኝ ከእኔ የጠበቁት በምስልና በሲግናል ዙሪያ አንድ ጥናታዊ ጽሑፍ እንደሚሆን እገምታለሁ። እኔ ግን በየሰፈራችን፣ በየአጥሩ ጫፍ እየተተከለ ስላለው የጥበቃ ካሜራ፣ ያውም ኪሱ ሳሳ ያለ ሰው አስተማማኙን እንዴት መምረጥ እንደሚችል ልናገር ወድጃለሁ። ምክንያቴን ለመግለጽ በራሴ ቤት ከደረሰው ልጀምር።

ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ በኅዳር ወር፣ ቤተሰቡ በሙሉ ለቅሶ ሄዶ ሳለ ከግቢያችን የውሃ መሳቢያ ሞተር ተሰረቀ። መጥፋቱን ያወቅነው በማግሥቱ ጠዋት ነው። ከወራት በፊት 8 ካሜራዎች አስተክዬ ስለ ነበር ብዙም አልደነገጥሁም። ቅጂውን ከፈትን። አንድ ሰው በጓሮው አጥር ዘሎ ሲገባ፣ ሞተሩን ፈትቶ ይዞ ሲወጣ ይታያል። ፊቱ ግን ነጭ ጭጋግ ነው። በምስሉ ጥግ ላይ ያለው ሰዓት 23:45 ይላል፤ በእኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ 5 ሰዓት ከ45 መሆኑ ነው። በዚያ ሰዓት ግቢውን የሚጠብቁት ዘበኛችን ነበሩ፤ ጋሼ እያልን የምንጠራቸው፣ 9 ዓመት አብረውን የኖሩ ሽማግሌ። «ማታ 1 ሰዓት ላይ ስገባ ውሻው ተረብሾ ነው ያገኘሁት» አሉን። ማመካኛ መሰለን። ጉዳዩ ወደ ፖሊስ ጣቢያ ሄደ፤ እርሳቸውም ቀርበው ቃላቸውን ሰጡ፤ እስኪጣራ ድረስ ሥራ እንዳይገቡ ነገርናቸው።

በ3ኛው ቀን ምሽት ብቻዬን ተቀምጬ ቅጂውን ወደ ፊት እየገፋሁ ስመለከት አንድ መኪና በዋናው በር ሲገባ አየሁ። መኪናው የእኔ ነው፤ በሩን የሚከፍቱልኝም ጋሼ ናቸው። ሰዓቱ 00:30 ይላል፤ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ተኩል። እኔ ግን በዚያ ዕለት ከለቅሶው የተመለስሁት ከምሽቱ 1 ሰዓት ተኩል ላይ ነበር፤ ከዚያም በኋላ አልወጣሁም። ልዩነቱ 5 ሰዓት ነው። መቅጃው ከፋብሪካው እንደ ወጣ በቤጂንግ ሰዓት ላይ ቀርቶ ኖሯል። ቤጂንግ ከግሪንዊች በ8 ሰዓት፣ እኛ ደግሞ በ3 ሰዓት እንቀድማለን። እንግዲህ ሌባው የገባው ምሽት 12 ሰዓት ከ45 ላይ፣ ጋሼ ሥራ ከመግባታቸው ከሩብ ሰዓት በፊት ነበር ማለት ነው።

ለ8 ካሜራ ገንዘብ የከፈልሁ፣ በኤሌክትሪካል ምሕንድስና ዶክትሬት ያለኝ ሰው፣ ሰዓቱን ለማስተካከል 2 ደቂቃ አልሰጠሁም። በዚህ ምክንያት አንድ ንጹሕ ሰው በሌብነት ተጠረጠረ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስለ ካሜራ ያለኝ አስተያየት ተለውጧል። ካሜራ ሌባ አይዝም፤ ሥራው ምስክርነት ነው። የምስክር ዋጋውም በአለባበሱ ማማር ሳይሆን ቃሉ በመታመኑ ነው። ሐሰተኛ ምስክር ደግሞ ምስክር ከማጣት ይብሳል። ስለዚህ በጀታችን አነስተኛ ሲሆን ልንጠይቅ የሚገባን «የቱ ካሜራ ይበልጥ ጥርት ያለ ምስል ያሳያል?» ብለን ሳይሆን «የቱ ሥርዓት ነገሩ በደረሰ ዕለት እውነቱን ይነግረኛል?» ብለን ነው። ይህን ጥያቄ በአራት ከፍዬ እመለከተዋለሁ፦ ምስክሩ ያያልን? ያስታውሳልን? መብራት ሲጠፋ ይጸናልን? ቃሉስ ይታመናልን?

ከማየት እንጀምር። ሻጮች አስቀድመው የሚነግሩን የሜጋ ፒክስሉን ቁጥር ነው። ቁጥሩ ትርጉም የሚኖረው ግን በሚታየው ሥፍራ በእያንዳንዱ ሜትር ስፋት ላይ ስንት ፒክስል ያርፋል ብለን ስንጠይቅ ነው። ለጥበቃ ካሜራዎች የወጣው ዓለም አቀፍ ደረጃ፣ ቁጥር 62676፣ የማናውቀውን ሰው ማንነት ለመለየት በሜትር 250 ፒክስል፣ የምናውቀውን ሰው «እርሱ ነው» ለማለት 125፣ ሰው መኖሩን ብቻ ለማወቅ ደግሞ 25 ፒክስል በቀድሞው እትሙ አስቀምጦ ነበር። ባለ 2 ሜጋ ፒክስል ካሜራ በአግድም 1920 ፒክስል አለው። ይህን ለ250 ስናካፍለው 7.68 ሜትር እናገኛለን። የእይታ ማዕዘኑ 90 ዲግሪ የሆነ ሌንስ የሚሸፍነው ስፋት የርቀቱ እጥፍ ስለ ሆነ፣ እንዲህ ያለው ካሜራ የማናውቀውን ፊት የሚለይልን እስከ 4 ሜትር ገደማ ብቻ ነው።

የእኔ ካሜራ ከቤቱ ጣሪያ ጥግ ላይ ሆኖ ሌባውን ያየው ከ12 ሜትር ርቀት ነበር። በዚያ ርቀት ስፋቱ 24 ሜትር ይሆናል፤ በሜትር የሚደርሰው 80 ፒክስል ነው። 16 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው የሰው ፊት እንግዲህ 13 ፒክስል ብቻ ይደርሰዋል። በ13 ነጥብ የሰውን መልክ መሣል አይቻልም። «ታዲያ ባለ 8 ሜጋ ፒክስል ብገዛስ?» የሚል ይኖራል። የፒክስሉ ብዛት 4 እጥፍ ሲያድግ የአግድሙ ቁጥር የሚያድገው በ2 እጥፍ ብቻ ነው፤ 4 ሜትር የነበረው 8 ሜትር እንኳ አይሞላም። ካሜራውን ከጣሪያው አውርዶ በመግቢያው በር አጠገብ፣ ከሰው ቁመት ጥቂት ከፍ አድርጎ መትከል ግን ምንም ተጨማሪ ዋጋ ሳይጠይቅ ከዚያ የበለጠ ይጠቅማል። ሰው ሁሉ ሊያልፍበት ግድ የሆነበትን ጠባብ ሥፍራ ምረጡ፤ አንድ ካሜራ እዚያ ቢቆም ግቢውን በሙሉ ከሩቅ ከሚመለከቱ ሦስት ካሜራዎች ይሻላል።

የሌሊቱ ነገር ለብቻው ይታይ። ርካሽ ካሜራዎች በጨለማ የሚያዩት በራሳቸው የኢንፍራሬድ ጨረር ነው። ጨረሩ በቅርብ ካለ የቆርቆሮ አጥር ወይም ከነጭ ግድግዳ ላይ ተመልሶ ምስሉን ነጭ ያደርገዋል። በሌንሱ ፊት ሸረሪት ድሩን ስታደራም እንዲሁ ይሆናል። መድኃኒቱ ርካሽ ነው፦ እንቅስቃሴ ሲሰማው የሚበራ አምፖል። ብርሃን ባለበት ካሜራው ቀለም ይለያል፤ የልብሱ ቀለም ደግሞ ለምስክርነት ትልቅ ነገር ነው። ከዚህም በላይ ድንገት የበራ መብራት ሌባውን አስቀድሞ ሊመልሰው ይችላል። ካሜራ ብቻውን ሲሆን ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንደሚባለው ነውና፣ መብራትና ጠንካራ ቁልፍ ከካሜራ በፊት ይገዙ።

ሁለተኛው ጉዳይ ማስታወስ ነው። እዚህ ላይ ስሌቱ ቀላል ነው። አንድ ካሜራ በሰከንድ 2 ሜጋ ቢት የሚልክ ከሆነ በቀን 21.6 ጊጋ ባይት ይሞላል፤ 4 ካሜራ 86.4 ጊጋ ባይት። ባለ 1 ቴራ ባይት ሀርድ ዲስክ ከ11 ቀን በኋላ አሮጌውን እያጠፋ በላዩ ይጽፋል ማለት ነው። ለበዓል አገር ቤት ሄዶ 2 ሳምንት የሚቆይ ሰው ሲመለስ የሚፈልገው ቀን ጠፍቶ ያገኘዋል፤ ስለዚህ ባለ 2 ቴራ ባይቱን እመክራለሁ። ዲስኩም ያለ ዕረፍት ለመጻፍ የተሠራ ይሁን፤ ከአሮጌ ኮምፒውተር የወጣ ዲስክ እንዲህ ላለው ሥራ አልተሠራም። ቅጂውን ሁሉ በኢንተርኔት ወደ ውጭ ማከማቻ መላክ ለኛ አያዋጣም፤ ከላይ ባልነው መጠን አንድ ካሜራ ብቻውን በወር ወደ 650 ጊጋ ባይት ይልካል። እንቅስቃሴ ሲኖር ብቻ አጭር ምስል ወደ ስልክ መላክ ይበቃል። መቅጃው ግን በሳሎን ቴሌቪዥን ሥር መቀመጥ የለበትም፤ ሌባ ቴሌቪዥኑን ሲወስድ ምስክሩንም አብሮ ይወስዳል። በቁም ሣጥን ውስጥ፣ አየር በሚያገኝበት ሥፍራ ይቆለፍበት።

ሦስተኛው መጽናት ነው። መብራት በሚጠፋበት ምሽት የማይሠራ ካሜራ በጨለማው ሰዓት የለም ማለት ነው። እያንዳንዳቸው 5 ዋት የሚወስዱ 4 ካሜራዎችና 15 ዋት የሚወስድ መቅጃ በድምሩ 35 ዋት ይፈልጋሉ። በትንንሽ ዩፒኤሶች ውስጥ ያለው ባለ 12 ቮልት፣ 7 አምፒር ሰዓት ባትሪ ይህን ቢበዛ 2 ሰዓት ይሸከማል። ባለ 100 አምፒር ሰዓት ባትሪ ግን ግማሹን ብቻ ብንጠቀም እንኳ ወደ 15 ሰዓት ያቆየናል። ይህ የሚሠራው ኃይሉ ሁሉ ከአንድ ቦታ ሲሰጥ ነው። ስለዚህ በአንድ የኔትወርክ ኬብል ኃይልንም ምስልንም የሚያስተላልፉትን ካሜራዎች እመርጣለሁ፤ እስከ 100 ሜትር ይደርሳሉ፤ አንዱ ባትሪ ሁሉንም ያኖራል። አብዛኛው ዋይፋይ ካሜራም ቢሆን ለኃይሉ ገመድ መፈለጉን አንርሳ። ኬብል ስትገዙ ጫፉን በምላጭ ፋቁት፤ ውስጡ ነጭ ከሆነ መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም ነው። ርቀቱ ሲረዝም ኃይሉ ይደክምበታልና ተዉት።

አራተኛውና ዋናው መታመን ነው። ሰዓቱን ተናግሬአለሁ፤ የምጨምረው መሣሪያውን ነቅላችሁ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ መልሳችሁ ስትሰኩት ሰዓቱን ጠብቆ መቆየቱን በሱቁ ውስጥ እንድትፈትሹ ነው። ሌላው የይለፍ ቃል ነው። ጥቅምት 11 ቀን 2009 ዓ.ም. ሚራይ የተባለ ተንኮለኛ ፕሮግራም በዓለም ዙሪያ ያሉ ካሜራዎችንና መቅጃዎችን አሰልፎ በአንድ የአሜሪካ የኢንተርኔት አገልግሎት ድርጅት ላይ ጥቃት አደረሰ፤ ትዊተርንና ኔትፍሊክስን የመሳሰሉ ታላላቅ ገጾች ለሰዓታት ተስተጓጎሉ። ፕሮግራሙ በካሜራዎቹ የገባው በረቀቀ ጥበብ አልነበረም፤ 60 ያህል የታወቁ የፋብሪካ መጠሪያዎችንና የይለፍ ቃሎችን እየሞከረ ነው። ባለቤቶቹ አልቀየሯቸውም ነበር። የይለፍ ቃሉ ያልተቀየረ ካሜራ የእናንተን ጓዳ ለማያውቁት ሰው የሚያሳይ መስኮት ነው። ተካዩ ሥራውን ጨርሶ ሲሄድ የይለፍ ቃሉን በእርሱ ፊት ሳይሆን ብቻችሁን ሆናችሁ ለውጡ።

እንግዲህ ገንዘቡን እንዴት እንከፋፍለው? እኔ ዛሬ እንደ አዲስ ብጀምር በጀቴን 10 ላይ አካፍዬ 2ቱን ለመብራትና ለቁልፍ፣ 3ቱን ለካሜራ፣ 3ቱን ለመቅጃና ለዲስክ፣ 2ቱን ለኬብልና ለባትሪ አደርግ ነበር። ካሜራው 8 መሆኑ ቀርቶ 3 ይሆናል። በኮንዶሚኒየም ተከራይቶ ለሚኖር ተማሪ ወይም ጀማሪ መምህር ደግሞ ሚሞሪ ካርድ የሚቀበል አንድ ካሜራ፣ ከውስጥ ሆኖ መግቢያውን በር የሚመለከት፣ ይበቃዋል። ቤት ሲቀይርም ይዞት ይሄዳል።

በኮንዶሚኒየም ጉዳይ አንድ ነገር ልጨምር። በኮሪደሩ ላይ የተሰቀለ ካሜራ የእናንተን በር ብቻ ሳይሆን የጎረቤታችሁን መግቢያና መውጫም ይቀዳል። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 26 የግል ሕይወትን መከበር ይደነግጋል፤ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ም ወጥቷል። ከሕጉም በፊት ጉርብትና አለ። ካሜራውን ከመስቀላችሁ በፊት ጎረቤታችሁን አማክሩ፤ የእርሱን በር የሚያሳየውን የምስሉን ክፍል መሸፈን የሚያስችል ማስተካከያ በአብዛኞቹ መሣሪያዎች ላይ አለ። የቤት ሠራተኛችሁም ካሜራ ባለበት እንደምትሠራ አውቃ ትሥራ፤ እርሷ የምትተኛበት ክፍልም አይቀዳ።

ንግግሬን በጋሼ ልዝጋ። ነገሩ እንደ ተገለጠ ፖሊስ ጣቢያ ሄጄ ስሕተቱን አስመዘገብሁ፤ በማግሥቱም ሽማግሌ ይዤ ቤታቸው ድረስ ሄጄ ይቅርታ ጠየቅኋቸው። ቡና ተፈልቶ፣ ሽማግሌዎቹ የሚባለውን ካሉ በኋላ እንዲህ አሉኝ፦ «ዶክተር፣ ዕቃው ቢሳሳት ዕቃ ነው። እኔን ያሳዘነኝ ውሻው ተረብሾ ነበር ስላችሁ አንዳችሁም መልሳችሁ አለመጠየቃችሁ ነው።» መልስ አልነበረኝም። ወደ ሥራቸው ተመልሰዋል፤ ዛሬም ከእኛ ጋር ናቸው። በየወሩ መጀመሪያ ቀን የመቅጃውን ሰዓት ከእጅ ሰዓታቸው ጋር የሚያስተያዩትም እርሳቸው ናቸው።

እናንተም ዛሬ ማታ ቤታችሁ ስትገቡ ካሜራ ካላችሁ ሰዓቱን ተመልከቱ፤ የትናንቱን ምሽትም ከፍታችሁ የራሳችሁን ፊት ለመለየት ሞክሩ። ራሳችሁን ካላወቃችሁት ሌላውን በእርሱ አትክሰሱ።