ከአንኮበር ወደ አልዩ አምባ፦ የእግርና የብስክሌት መንገድ እንደ ቅርስ



ቅርስ ሲባል በአብዛኞቻችን አእምሮ የሚመጣው የቆመ ነገር ነው፤ ቤተ ክርስቲያን፣ መስጊድ፣ የግንብ ፍርስራሽ፣ ሐውልት። እነዚህን ለመጠበቅ አጥር እናጥራለን፣ ዘበኛ እንቀጥራለን፣ ሰው እንዳይነካቸው እንከለክላለን። የእግር መንገድ ግን የዚህ ተቃራኒ ነው፤ ሰው ካልረገጠው ይሞታል። ጥቂት ክረምት ሳይኬድበት ከቀረ ጎርፍ ይቦረቡረዋል፣ ቁጥቋጦ ይውጠዋል፣ ባለማሳውም ድንበሩን ገፋ አድርጎ ያርሰዋል። እንግዲህ በመረገጥ የሚጠበቅን ቅርስ እንዴት እንያዘው? ይህን ጥያቄ ለመመርመር አንድ ሥፍራ መርጫለሁ፤ በሰሜን ሸዋ፣ ከአንኮበር ተረተር ሥር ያለችውን አልዩ አምባ የተባለች የገጠር መንደርና ወደ እርስዋ የሚወስዱትን መንገዶች። ዘመናቱን ሁሉ የምጠቅሰው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

መንገዱን ከላይ እንጀምር። ከደብረ ብርሃን እስከ አንኮበር ያለው ርቀት 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ገብስና ባቄላ የሚዘራበት፣ በግ የሚሰማራበት፣ ነፋሱ የማያርፍበት ደጋ ነው። ይህ ክፍል ለብስክሌት የተመቸ ነው። ከ2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ተነሥቶ 3,000 ሜትርን ስለሚያልፍ ሳንባን ይፈትናል እንጂ አያስመርርም። ደጋው በድንገት አልቆ ምድር ወደ ቆላ የምትቋረጥበት አፋፍ ላይ ሲደርሱ ብስክሌቱን አስደግፎ መቆም ተገቢ ነው። በኢትዮጵያ ብቻ የምትገኘው፣ ስሟም ከአንኮበር የተወሰደው ትንሽ ቡናማ ወፍ በሳይንስ የታወቀችው በዚህ አፋፍ፣ በ1970ዎቹ ነበር። ለዓይን እምብዛም አታምርም፤ ይሁን እንጂ እርስዋን ብቻ ለማየት ውቅያኖስ ተሻግረው የሚመጡ ሰዎች አሉ።

ከአፋፉ በታች ግን ብስክሌት በእግር መንገዱ ላይ ባይገባ እመርጣለሁ። ምክንያቴ ስሜት አይደለም። ቁልቁለቱ ጠባብ ነው፤ በገበያ ቀን የተጫነ አህያና በቅሎ ይወጣበታል፤ የጎማ መስመርም በክረምት የውኃ ቦይ ይሆናል። ብስክሌተኛ መውረድ ካማረው የተሽከርካሪውን መንገድ ይያዝ። በእግር መንገዱ ላይ ቅድሚያው ለተጫነው እንስሳ ነው፤ ጎብኚው ቀርቶ ሊቁም ቢሆን ወደ ገደሉ ሳይሆን ወደ ተራራው ጎን ተጠግቶ ያሳልፍ።

አንኮበር በ19ኛው መቶ ዘመን የሸዋ ነገሥታት መቀመጫ ነበረች። ከ1813 እስከ 1847 የገዙት ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ የአውሮፓ መልእክተኞችን የተቀበሉት በዚሁ አካባቢ ነው። ሚስዮናዊው ክራፕፍ በ1839 መጣ፤ የእንግሊዙ መልእክተኛ ሻለቃ ሃሪስ በ1841 ገብቶ በዚያው ዓመት በኅዳር ወር የወዳጅነትና የንግድ ውል ተፈራረመ። ኋላም ዳግማዊ ምኒልክ ከአንኮበር ሆነው ገዙ። ፈረንሳዊው ባለቅኔ ራምቦ ጠመንጃ የጫነ ቅፍለት እየመራ ከታጁራ ተነሥቶ በየካቲት 1887 አንኮበር ሲደርስ ምኒልክ ወደ እንጦጦ ተዛውረው ስለ ነበር ጉዞውን መቀጠል ግድ ሆነበት። ዛሬ በኮረብታው ጫፍ ላይ ከቤተ መንግሥቱ የቀረው ጥቂት ግንብ ነው። ጎብኚው ያንን ያያል፣ ፎቶግራፍ ያነሣል፣ ኪዳነ ምሕረትን ይሳለማል፣ ወደ ደብረ ብርሃንም ይመለሳል።

የእኔ ቅሬታ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። በአፋፉ ላይ የሚመለስ ጉብኝት የታሪኩን ግማሽ ብቻ ያሳያል፤ እርሱም የቤተ መንግሥቱ ግማሽ ነው። ያ ቤተ መንግሥት በምን ይተዳደር ነበር? ጠመንጃው፣ ጨርቁ፣ መዳቡ ከየት መጣ? በምንስ ተለወጠ? መልሱ ያለው ወደ 1,000 ሜትር የሚጠጋ ቁልቁለት ወርዶ፣ በአልዩ አምባ ነው።

ከታጁራና ከዘይላ የሚነሡ ቅፍለቶች የአፋርን በረሃ አቋርጠው እስከ ተራራው ግርጌ ይመጡ ነበር። ግመል ይህን ዳገት የመውጣት ዐቅም ስለሌለው ጭነቱ ከግርጌው ላይ ወደ በቅሎ፣ ወደ አህያና ወደ ሰው ጀርባ ይተላለፋል። የግመል አገርና የበቅሎ አገር የሚገናኙበት እንዲህ ያለ ሥፍራ ሁሉ ገበያ መውለዱ አይቀርም፤ አልዩ አምባም የተወለደችው ከዚህ ነው። አፋሮች ከአሳል ሐይቅ ጨው ያመጣሉ፤ ከባሕር ወዲያ ጨርቅ፣ ጨሌና መዳብ ይመጣል፤ ከደጋውና ከደቡብ ደግሞ ቡና፣ የዝሆን ጥርስ፣ ዝባድና ቆዳ ይወርዳል። መክፈያው አሞሌና የማርትሬዛ ብር ነበር። በ1842 የመጣው እንግሊዛዊው ሐኪም ቻርልስ ጆንስተን በቤተ መንግሥቱ አጠገብ ሳይሆን በዚችው መንደር ቤት ይዞ ተቀመጠ፤ በ1844 ያሳተመው መጽሐፉም ስለ ሸዋ የገበያ ኑሮ ከመልእክተኞቹ ድርሳን የበለጠ የሚነግረን በዚህ ምክንያት ይመስለኛል። ከነጋዴ ጋር ያደረ ሰው ዋጋ ያውቃል።

ቁልቁለቱን በእግር የወረደ ሰው ይህን ሁሉ ያለ ገለጻ ይረዳዋል። ከላይ ሲነሡ ጋቢ ያስፈልጋል፤ እኩሌታው ላይ ጋቢው ይወልቃል፤ ከታች ሲደርሱ ጥላ ይፈለጋል። ገብሱ ወደ ጤፍ፣ ጤፉ ወደ ማሽላ ይለወጣል። ጸሎቱም እንዲሁ፤ ከላይ የቅዳሴ ደወል፣ ከታች የአዛን ድምፅ። ጉልበቴ ከወጣትነቴ ይልቅ ዛሬ ስለ ቁልቁለት የሚናገረው አለው፤ ነገር ግን በመኪና የወረድሁባቸው ጊዜያት ከዚህ አንዱንም አላስተማሩኝም።

በዚህ ተዳፋት ላይ ለዘመናት የኖሩት በንግድና በሽመና የታወቁት አርጎባዎች ናቸው። ቋንቋቸው የአማርኛ የቅርብ ዘመድ የሆነ ሴማዊ ቋንቋ ሲሆን ዛሬ በብዙ ሥፍራ ለአማርኛና ለኦሮምኛ ቦታውን እየለቀቀ ነው። ለእኛ ለተመራማሪዎች ይህ አጣዳፊ ጉዳይ ነው። የመንገድ ታሪክ የሚቀመጠው በስም ነውና፤ የምንጩ ስም፣ የማረፊያው ዋርካ ስም፣ ቀረጥ የሚከፈልበት ኬላ ስም፣ በቅሎ የወደቀችበት ገደል ስም። ስሙን የሚያውቀው በመንገዱ የተመላለሰ ሰው ነው፤ መንገዱ ሲቀር ስሙም ከሽማግሌው ጋር ይቀበራል።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር ልምጣ። በዚህ መንገድ ላይ ከሄዱት ሁሉ ጭነት የተሸከሙት ብቻ አልነበሩም፤ ራሳቸው ሸቀጥ የሆኑም ነበሩ። ከአልዩ አምባ አጠገብ ዐብዱል ረሱል በሚባል ሥፍራ የባሪያ ገበያ ይቆም ነበር፤ የዘመኑ ተጓዦች መዝግበውታል። ከደቡብና ከምዕራብ ተይዘው የመጡ ሰዎች፣ ብዙዎቹም ሕፃናት፣ ከዚህ ተነሥተው ወደ ባሕር ይነዱ ነበር። በኢትዮጵያ ባርነት በሕግ ፈጽሞ የተሻረው በ1942 ነው፤ ስለዚህ የምንናገረው ስለ ሩቅ ዘመን አይደለም።

የነዚህ ሰዎች ቃል አልጠፋም። በ1888 አንድ የእንግሊዝ የጦር መርከብ ከአፋር ጠረፍ ወደ ዐረብ አገር ይሻገሩ የነበሩ ጀልባዎችን ይዞ 204 ሰዎችን አስለቀቀ፤ አብዛኞቹ የኦሮሞ ልጆች ነበሩ። ወደ ኤደን ተወሰዱ፤ ከመካከላቸውም 64 ልጆች በ1890 በደቡብ አፍሪካ ወደሚገኘው የላቭዴል ትምህርት ቤት ተላኩ። እዚያም እያንዳንዳቸው ከየት እንደ ተያዙ፣ ማን እንደ ሸጣቸው፣ በየት በየት እንደ ተጓዙ ተጠይቀው ቃላቸው ተጻፈ። ከነርሱ አንዷ ቢሾ ጃርሳ ትባል ነበር። በሮበን ደሴት ለዐሥር ዓመት የታሰረው የደቡብ አፍሪካው ምሁርና ታጋይ ኔቪል አሌክሳንደር የልጇ ልጅ ነው። ስለ ባርነት ንግድ ስናስተምር ብዙ ጊዜ ከመርከቡ እንጀምራለን፤ የላቭዴል ልጆች ቃል ግን ከመርከቡ በፊት ረጅም የእግር ጉዞ እንደ ነበረ ያስታውሰናል። ያም ጉዞ የሄደበት መሬት አገራችን ነው።

የቅርስ መንገድ ይህን ሊናገር ይገባል? አይገባም የሚሉ ወዳጆች አሉኝ፤ ክርክራቸውም ቀላል አይደለም። የሻጭም የተሸጠም ዘር በአንድ ወረዳ ጎን ለጎን ይኖራል፤ በሰርግና በለቅሶ ይገናኛል፤ ለጎብኚ ደስታ ብለን የተኛ ቁስል ለምን እንነካለን ይላሉ። የእኔ መልስ የቤኒኗ ዊዳ ናት። በዊዳ ከከተማው እስከ ባሕሩ ዳርቻ ያለው የባሪያዎች መንገድ አራት ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በእግር ይኬዳል፤ መጨረሻውም በ1995 የቆመው የማይመለሱበት በር ነው። በዚያም ከተማ የሻጭና የተሸጠ ዘር አብሮ ይኖራል። ዝም ማለትን አልመረጡም። ሆኖም አልዩ አምባ ዊዳን ትቅዳ አልልም። ሐውልት ከማቆም በፊት የመንደሩ ሽማግሌዎች፣ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም፣ ምን ይባል፣ ማን ይበለው፣ የት ላይ ይባል በሚለው መምከር አለባቸው። ወጣት አስጎብኚ የሰው ዘር እየቆጠረ እንዲያወራ መተው ጥፋት ነው፤ ጨርሶ ዝም እንዲል ማዘዝ ደግሞ ዐብዱል ረሱልን እንደ ማንኛውም የጨው ገበያ ማስመሰል ነው። በሁለቱ መካከል ያለው መንገድ ጠባብ ቢሆንም አለ።

ስለ ተሽከርካሪው መንገድም አንድ ቃል ልበል። ምጥ የያዛትን ሴት በቃሬዛ ዳገት የሚያወጣን ሕዝብ ጥንታዊ መንገድህ ይበላሻልና መኪና አይግባልህ ማለት ነውር ነው። መንገዱ ይሠራ። ጥያቄው አሮጌው መንገድ በአዲሱ አፈር ይደፈን ወይስ ጎን ለጎን ይቆይ የሚለው ነው፤ ይህም በቅየሳው ጊዜ አንድ ሰው ካርታው ላይ ካመለከተው በትንሽ ወጪ የሚፈታ ነው። ያላመለከቱትን መንገድ ግን ቡልዶዘር አይለየውም።

ገቢውን በሚመለከት ከመቄት የምንማረው አለ። በሰሜን ወሎ፣ በመቄት ደጋ፣ ከ2000ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ የመንደር ነዋሪዎች የራሳቸውን የእንግዳ ማረፊያ ሠርተው ጎብኚው በእግሩ ከመንደር መንደር እንዲሄድ፣ ጓዙን በአህያ እንዲያስጭን፣ ገንዘቡም ከማኅበረሰቡ እንዲቀር አድርገዋል። የዚህ አሠራር ድካምም በግልጽ ታይቷል፤ በ2020 ወረርሽኙ፣ በተከታዩ ዓመት ጦርነቱ ሲመጣ እንግዳ ጠፋ። በእንግዳ ብቻ የቆመ መንገድ እንግዳ ሲቀር ይወድቃል። አልዩ አምባ ከብዙ ሥፍራ የምትሻልበት ምክንያት ይህ ነው፤ በመንገዷ ላይ የሚወጣና የሚወርድ ገበያተኛ አለ። ጎብኚው በገበያተኛው ላይ ይጨመር እንጂ አይተካው።

ከዚህ ፋኩልቲ ተማሪዎች የምጠብቀው ሥራ ውድ መሣሪያ አይፈልግም። በስልካችሁ ላይ ያለው የአቅጣጫ መጠቆሚያ፣ የድምፅ መቅጃና ጥሩ ጫማ ይበቃል። ክረምቱ ካለፈ በኋላ፣ አገሩ ሰላም በሆነበት ጊዜ፣ ከአንድ የአርጎባ ሽማግሌና ከአንድ የደጋ ነጋዴ ጋር ከላይ እስከ ታች ውረዱ፤ ምንጩን፣ ዋርካውን፣ ኬላውን በየስሙ መዝግቡ፤ ሁለቱ ሰዎች አንዱን ቦታ በሁለት ስም ከጠሩት ሁለቱንም ጻፉ። ስትወጡም በዚያው መንገድ ውጡ፤ ለጭነት የተሠራ መንገድ ሽቅብ ሲሄዱ ሌላ መልክ አለውና።