ድሩይዶችና የይፋት ወዳጃ

(ሙዚቃ፣ ቀስ እያለ ዝቅ ይላል)

አቅራቢ፦ ድሩይዶች ከ2000 ዓመታት በፊት በዛሬዎቹ ፈረንሳይና ብሪታንያ ይኖሩ የነበሩት የኬልት ሕዝቦች የሃይማኖት አባቶችና ዳኞች ነበሩ። ዩልዮስ ቄሳር እንደጻፈው፣ ትምህርታቸው በቃል ብቻ ይሰጥ ስለነበር አንዳንዱ ተማሪ 20 ዓመት ይቆይ ነበር። ሮማውያን ካፈኗቸው በኋላ እውቀቱም አብሯቸው ጠፋ። ዛሬ ድሩይድነትን የሚጀምር ሰው የሚያገኘው፣ ባመዛኙ ከ18ኛው ክፍለ ዘመን ወዲህ እንደ አዲስ የተቀናበረውን ነው።

እኛ ጋ ግን በቃል የሚወረሰው ነገር ገና በሕይወት አለ። በይፋትም በወሎም ሰው ሲታመም፣ ዝናብ ሲዘገይ ወይም ስለት ሲደርስ ወዳጃ የሚባለው የጋራ ጸሎት ይጠራል። ዕጣን ይጤሳል፣ ረከቦት ይቀርባል፣ ጫቱም ከመቀመሱ በፊት ይመረቅበታል። መራቂው አባት ለከብቱ፣ ለአዝመራው፣ ለአገሩ እየጠሩ ሲመርቁ፣ ቤቱ መዳፉን ዘርግቶ «አሚን!» ይላል። ምርቃቱ ቤት የሚመታ ግጥም ነው፤ የሚሸመደደውም በመስማት ነው።

ልማዱን የማይቀበሉ የሃይማኖት መምህራን አሉ፤ ክርክሩም የቆየ ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ምርቃቱ ሳይቀዳ ከአባቶቻችን ጋር ማለፉ ነው። ስልክ የያዛችሁ ወጣቶች፣ መጀመሪያ መራቂውን አባት አስፈቅዱ፤ ከዚያ ቅዱ። ቡናው በረካ ሳይደርስም አትነሱ፤ ምርቃት በየስኒው አለና።

(ሙዚቃ)